በበረንዳው ላይ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ

የአገሩን ስም ትቼዋለሁ። ብጠራው የሚቀየም አለ፤ ባልጠራው የሚጎድል ነገር የለም። ከዋናው ከተማ ዳር፣ ኮረብታው ላይ፣ እርከን የሚባል ሰፈር እንዳለ ማወቅ ይበቃል። ሀብታሞች የሚኖሩበት የጥንት ሰፈር ነው። አጥሩ ጥርብ ድንጋይ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ጥዱ የቅድመ አያቶችን ዘመን ያየ። እኛ የታች ሰፈር ሰዎች ወደ እርከን የምንወጣው አንድ ነገር ሲሰበርባቸው ብቻ ነበር።

እርከኖች የሚኮሩት በገንዘባቸው አይደለም፤ በእብነ በረዳቸው ነው። የእንደነበረ ጽሕፈት ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት አላቸው። የዚህ መሥሪያ ቤት መዝጋቢ ወደ አንድ ቤት ይመጣል፣ በዚያች ሰዓት ዓይኑ ያየውን ሁሉ በትልቅ መዝገብ ይጽፋል፣ ከዚያም ቤቱ ቅርስ መሆኑን የሚናገር እብነ በረድ በአራት ብሎን ግድግዳው ላይ ይታሰራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ እንደተጻፈ ይኖራል። ስርዝ ድልዝ የለም።

የጡረተኛው ዳኛ ቤት ሲመዘገብ ገመድ ላይ ሁለት ረጃጅም ነጭ የውስጥ ሱሪና አንድ ፎጣ ተሰጥቶ ነበር። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ክረምት ከበጋ፣ ሁለት ሱሪና አንድ ፎጣ ተሰጥቶ ይውላል፤ ሲበሰብስ በልኩ ሌላ ይሰፋል። ከእሳቸው ጎን ያሉት ባልና ሚስት ደግሞ መዝጋቢው ሲመጣ በራቸው ገርበብ ብሎ ተገኘ። እንግዳ ሁሉ በጎኑ እየተሹለከለከ ይገባል፤ ወፍራም ዘመድ የመጣ እንደሆነ ሰላምታውን ከውጭ ተቀብሎ ይመለሳል። ማዶ ባለው ቤት ደጃፍ ላይ የተኛ ውሻ ተጽፎ ነበር። ውሻው ሲሞት በመልኩ የሚመስለውን ፈልገው አመጡ። አዲሱ ውሻ ግን መተኛት የማይወድ ሆነና ቤተሰቡ ተራ ገብቶ ሆዱን እያሻሸ ያስተኛዋል። ይህን ሁሉ ስናይ እንስቅ ነበር። እነሱ ግን አንድም ቀን አልሳቁም።

ማንደፍሮ የታች ሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እጁ መድኃኒት ነው ይባልለታል፤ ችግሩ ግን በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ በቀጠረበት ሰዓት ደርሶ አያውቅም። "መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ" የሚለው ከአልጋው ሳይነሳ ነው። ሚስቱ ዘነበች፣ ለሠርጋችን እንኳ ያረፈደ ሰው ነው እያለች ታወራለች። እርከን ያሉት ወይዘሮ አፀደ በጠሩት ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ በሰዓቱ ደረሰ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ወይዘሮ አፀደ በአባታቸው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። አላገቡም፣ አልወለዱም። ቤታቸው እንዲመዘገብላቸው አመልክተው አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋል። በእነዚያ ዓመታት እብነ በረድ የሌለው ቤት ባለቤት ተብለው በማኅበሩም በድግሱም ወንበራቸው ዳር ላይ ነበር። በመጨረሻ መዝጋቢው ሐሙስ እንደሚመጣ ተነገራቸው። ረቡዕ ጠዋት በረንዳው ላይ ያለችው ቧንቧ ስትንጠባጠብ አዩና፣ ለዘላለም ስትንጠባጠብ እንዳትኖር ብለው ማንደፍሮን አስጠሩት።

ማንደፍሮ ቧንቧዋን አየ፤ ላስቲኳ አልቋል እንጂ ሌላ ነገር የላትም አለ። እሳቸው ዋናውን ውኃ ሊዘጉ ወደ ጓሮ ሄዱ። እሱ ቦርሳውን አስቀመጠና ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ዘረጋ፤ ከኪሱ ግማሽ ዳቦ አውጥቶ አንዴ ገመጠ። በዚህ መካከል መዝጋቢው አቶ ቀለመወርቅ ከነመዝገባቸው በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ሰው እንዳይዘጋጅ ሁልጊዜ አንድ ቀን ቀድመው ነው የሚመጡት። ቆመው ጻፉ፦ በበረንዳው ላይ የምትንጠባጠብ ቧንቧ አንድ፣ ዱካ አንድ፣ ቦርሳ አንድ፣ ቧንቧ ሠራተኛ አንድ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የተገመጠ ዳቦ በቀኝ እጁ። ከዚያ ማኅተሙን መቱበት።

ማንደፍሮ የጎረሰውን እንደምንም ዋጠ።

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ። ቧንቧ ልሠራ ነው የመጣሁት።"

"ጽፌዋለሁ፤ ቧንቧ ሠራተኛ ብዬ።"

"ወደ ቤቴ እሄዳለሁ ማለቴ ነው።"

"እሱን አልጻፍኩም" አሉ አቶ ቀለመወርቅ፣ መዝገባቸውን እየዘጉ።

እንዲህ ሆኖ ማንደፍሮ የእርከን ነዋሪ ሆነ። በማግስቱ እብነ በረዱ መጣ፤ ከእብነ በረዱ ጋር ደግሞ ቀይ ገመድ፣ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳና ፊሽካ ያንጠለጠለ ዘብ መጡ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት በተጻፈው አቀማመጥ ዱካው ላይ ይውላል። ሲጨርስ ሰርቪስ ቤት ያርፋል። ከሰፈሩ በር ግን አይወጣም፤ ቅርስ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ዳቦው በየጠዋቱ ይቀየራል። ዘቡ ከመዝገቡ ግልባጭ ጋር እያስተያየ "ትንሽ ወደ ጥጉ" እያለ ያስገምጠዋል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ተመችቶት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የት ደረስክ ሲባል የኖረ ሰው፣ አሁን የትም መድረስ አይጠበቅበትም። ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል። የእርከን ሰዎች ከነልጆቻቸው እየመጡ በገመዱ ማዶ ቆመው በአድናቆት ያዩታል። ጺማቸውን ያሳደጉ አንድ ምሁር መጥተው፣ አዘራጋጉ የመካከለኛውን የቧንቧ ዘመን ያስታውሳል ብለው ለግማሽ ሰዓት ስለ እግሩ ንግግር አደረጉ። ማንደፍሮ ስለ እግሩ ያን ያህል የሚባል ነገር አለ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ደስ አለው። በሦስተኛው ወር ወፈረ። ከጽሕፈት ቤቱ ሜትር የያዘ ሰው መጥቶ ሳይነካው ሆዱን ለካና ምሳው በግማሽ ተቀነሰ። ደስታው ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ ሄደ።

ጎረቤቶቹ ግን በቅናት አበዱ። ሱሪና ፎጣ ምኑ ቅርስ ነው፤ ሰው ያለበት ቤት እያለ። ዳኛው ተጨማሪ ቅጽ ሞልተው መዝጋቢውን ጠሩና፣ በዚያው ሰዓት ልብስ ሰፊ አስጠርተው አጥራቸው ሥር ሊያስቀምጡ ሞከሩ። ገርበብ ያለው በር ባለቤቶች አናጢ ጠሩ። የውሻው ቤት ሰዎች ሐኪም ፈለጉ። ወሬው ታች ሰፈር ሲደርስ ልብስ ሰፊው ታመምኩ አለ፤ አናጢው አገር ለቀቀ። የእኛ ሰፈር ባለሙያ ሁሉ ወደ እርከን መውጣት አቆመ። ወር ሳይሞላ የሰፈሩ ቧንቧ ሁሉ መንጠባጠብ ጀመረ፤ መብራቱ እየተቃጠለ ቀረ፤ ቁልፍ የጠፋበት ሰው በመስኮት ይገባ ጀመር። እርከኖች ጃንጥላ ይዘው ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ኑሮ እንዴት ነው ሲባሉ፣ እንደነበረ ነው ይላሉ።

ማንደፍሮን ያሰቃየው ግን የራሱ ቧንቧ ነበር። ሁለት ክንድ በማትሞላ ርቀት ፊት ለፊቱ ትንጠባጠባለች። መለወጫው ላስቲክ ቦርሳው ውስጥ አለ። ቦርሳውም ተመዝግቧል፣ ቧንቧዋም ተመዝግባለች። እጁ ይበላዋል። አንድ ቀን ሳያስበው ሊነሳ ሲል ዘቡ ፊሽካውን ነፋ።

ወይዘሮ አፀደ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ይዘው ወጥተው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ ንብረታቸውን ሊጠብቁ ነበር፤ እየቆየ ወሬ ሆነ። የአባታቸውን ኃይለኛነት፣ ማን ለጋብቻ ጠይቋቸው እንደነበረና ማን እንዳስቀረባቸው ሁሉንም ነገሩት። እሱም ስለ ልጁ ስለ ስንዱ ያወራቸዋል፤ ሥራዋ ከሱ የፈጠነ መሆኑን፣ ገና በስድስት ዓመቷ የኩሽና ቧንቧ ፈትታ እንደገጠመች። እሳቸውም ሳቁ። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስንት ዘመኑ ነው ብሎ ዘቡ ራሱ ተገረመ።

ዘነበች በየሳምንቱ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ተሰልፋ ገመዱ ማዶ ትቆማለች። በስምንተኛው ወር የመጣችበት ቀን ግን ፊቷ ሌላ ነበር። ስንዱን የሚያገባት ልጅ ሽማግሌዎች ልኮ እንደነበር፣ እሷና ወንድሞቿም እሺ እንዳሉ፣ ሠርጉ ከአራት ሳምንት በኋላ እሁድ እንደሆነ ነገረችው።

"የአባቴን ጉልበት ሳልስም አልዳርም ብላለች" አለችው። "ስለዚህ እንደምንም ብለህ ውጣ። አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ድረስ።"

ማንደፍሮ የዚያኑ ቀን አቶ ቀለመወርቅን አስጠርቶ የአንድ ቀን ፈቃድ ለመነ። አቶ ቀለመወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕጉን ከነዝርዝሩ አስረዱት። ቅርስ በውሰት የሚወጣው ለኤግዚቢሽን ብቻ ነው። ያውም በመስታወት ሳጥን፣ በሁለት ዘብ ታጅቦ፤ ማመልከቻው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እስኪመለስ ድረስ በቦታው የሚቀመጥ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ እሱንም ሲቀመጥ ይመዘግቡታል። ሌላው መንገድ አንድ ብቻ ነው አሉ። ባለቤትየዋ በገዛ እጃቸው እብነ በረዱን ከነቀሉት ቤቱ ተራ ቤት ይሆናል። ተራ የሆነ ቤት ዳግመኛ አይመዘገብም።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አፀደ ሲወጡ ማንደፍሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሳያይ ለመናቸው።

"እትዬ፣ ልጄን ልድር። ይንቀሉልኝ።"

እሳቸው ቀና ብለው እብነ በረዱን አዩ። ከዚያ፣ "አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ ማንደፍሮ። ይህ ድንጋይ ባይኖር እኔ ማን ነኝ?" አሉት። ወንበራቸውን አንሥተው ገቡ። ያን ቀንም ከዚያ በኋላም ወደ በረንዳው አልወጡም። ማንደፍሮ ዳቦውን እንደያዘ አለቀሰ። ዘቡ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋና ተወው፤ ማልቀስ መከልከሉን የሚናገር ነገር ሕጉ ላይ አላገኘም።

ነገሩ ለስንዱ ሲነገራት እንደ እናቷ አላዘነችም። አባቴ ወደ ሠርጉ ካልመጣ ሠርጉ ወደሱ ይሄዳል አለች፤ አለቀ። የሙሽራው ወገኖች ትንሽ አንገራገሩ። ኋላ ግን ጭፈራ የትም ያው ነው ብለው ተስማሙ። እሁድ ዕለት ሦስት ሚኒባስና አንድ የጭነት መኪና ሞልተን ኮረብታውን ወጣን። እኔ የጭነት መኪናው ላይ ነበርኩ፤ ከድስቶቹ ጋር።

የሰፈሩ በር ጠባቂ፣ ጎብኚ የሚገባው አሥር አሥር ሆኖ በጸጥታ ነው አለን። እሺ አልን። አሥር አሥር ሆነን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ እንደ ሐዘንተኛ ጎንበስ ብለን ገባን። ከበሮው በጋቢ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታዝሎ ገባ። ድስቶቹን ለቅርሱ የሚቀቡ የመጠበቂያ ቅባቶች ናቸው ብለን አሳለፍናቸው፤ ጠባቂው አንዱን ከፍቶ አሸተተና፣ መጠበቅስ እንዲህ ነው ብሎ በልቡ ተመኘ። የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች ወደ ወይዘሮ አፀደ ግቢ ሲገቡ ከበሮው ከጋቢው ወጣ።

እንዲህ ያለ እልልታ እርከን ሰምቶ አያውቅም። ማንደፍሮ ዱካው ላይ እንደተቀመጠ ትከሻው ብቻ መነቃነቅ ጀመረ። ዘቡ ስለ ትከሻ የተጻፈ ነገር ይፈልግ ጀመር። ጎረቤቶቹ አቤቱታ ሊያቀርቡ ተሰብስበው መጡ፤ እየተቆጡ ገቡ፣ እየተቆጡ ቆሙ፣ ከዚያ እግራቸው ከዳቸውና መጨፈር ጀመሩ። ከተመዘገቡ ወዲህ ዕቃ ይነካብናል ብለው ጨፍረው አያውቁም ነበር። ዳኛው ከዘራቸውን ለማያውቁት ሰው ሰጥተው መካከል ገቡና እንደ ወጣት ዘለሉ። የወፍራሙ ዘመድ ነገር የቆረቆራቸው ባልና ሚስት እኛን አንድ በአንድ ማቀፍ ያዙ። የማይተኛው ውሻ አጥር ዘሎ መጥቶ በጭፈራው መካከል ይሮጣል፤ የሚያሻሸው ሰው በመጥፋቱ ደስታው ልክ አልነበረውም። እኔ ያን ያህል ስቄ አላውቅም፤ ሆዴን ይዤ ግድግዳ ተደገፍኩ። ግድግዳውም ለካ የተመዘገበ ነበር።

አቶ ቀለመወርቅ ጩኸቱን ሰምተው ከነመዝገባቸው ደረሱ። ማንም አላያቸውም። ጥግ ላይ ቆመው ብዕራቸውን ከፈቱ።

ያኔ ስንዱ ከሙሽራው ጋር ወደ አባቷ መጣች። ከበሮው ቆመ። ቀዩን ገመድ በእጇ ከፍ አድርጋ በሥሩ አለፈች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተንበረከከች፣ ወደ ጉልበቱም ጎንበስ አለች። ዘቡ ፊሽካውን ነፋ።

"መንካት ክልክል ነው" አለ። ድምፁ እያፈረ ነበር፤ ቢሆንም አለው።

አቶ ቀለመወርቅ ሕጉን ጨመሩበት። የተነካ ቅርስ የተለወጠ ቅርስ ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች መጥተው እስኪያጸዱት ድረስ ለሦስት ዓመት ከሕዝብ ዓይን ተሠውሮ በመጋዘን ይቀመጣል። ስንዱ ቀና አለች። ከአባቷ ጉልበት እስከ ፊቷ አንድ ጣት ያህል ነበር የቀረው። ብትነካው ሦስት ዓመት ታጣዋለች፤ ባትነካው ሳይመርቃት ልትዳር ነው። የምትንጠባጠበዋ ቧንቧ ብቻ ትሰማለች።

ወይዘሮ አፀደ ከቤት ወጡ። ከመስኮት ሆነው ሲያዩ ነበር፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ማንንም ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ማንደፍሮ ቦርሳ ሄዱ፣ ከፈቱት፣ አንድ መፍቻ አወጡ። ዘቡ ፊሽካውን አነሣ። እሳቸው ዘወር ብለው አዩትና አወረደው።

እብነ በረዱ ፊት ቆመው ከመጀመሪያው ብሎን ጋር ይታገሉ ጀመር። እምቢ አላቸው። በዕድሜያቸው ምንም ነገር ፈትተው አያውቁም። ከመቶ የማያንስ ሰው ቆሞ ያያል።

"ወደ ግራ ነው እትዬ" አለ ማንደፍሮ ከተቀመጠበት፣ በቀስታ።

ወደ ግራ አዞሩት፤ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ላይ ላባቸው ተንጠፈጠፈ፣ ነጠላቸው ወደቀ፤ ማንሣት አልፈለጉም። አራተኛው የዛገ ነበር። ዳኛው ላግዝዎት ብለው ሲጠጉ፣ በገዛ እጄ መሆን አለበት ብለው መለሷቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው በሙሉ ክብደታቸው ተንጠለጠሉበት። ድንጋዩ ከነብሎኑ ተነቅሎ ደረጃው ላይ ወደቀና ለሦስት ተከፈለ።

"ይህ ቤት ተራ ቤት ነው" አሉ፣ እያለከለኩ። ከዚያ ወደ ስንዱ ዞሩ። "ሳሚው ልጄ።"

ስንዱ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ዘጠኝ ወር ሰው ነክቶት የማያውቅ ማንደፍሮ፣ ዳቦውን ጥሎ ሁለት እጁን ራሷ ላይ ጫነ። ስንት ሳምንት ሲያዘጋጀው የከረመው ምርቃት ሁሉ ጠፍቶበት፣ ልጄ፣ ልጄ ብቻ ይል ነበር። ዘነበች አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የእሷም ጉልበት ተሳመ። እኛ እልልታውን ልናቀልጠው ስንል ስንዱ በእጇ ቆዩ አለችን።

ተነሥታ ወደ ደረጃው ሄደች። ወይዘሮ አፀደ በተሰበረው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጠው፣ መፍቻውን እንደያዙ፣ አቧራ የለበሰ እጃቸውን ያዩ ነበር። ነጭ ቀሚሷን ለአቧራው ሳትሳሳ ፊታቸው ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች።

ወይዘሮ አፀደ ደነገጡ። በሰባ ዓመታቸው ጉልበታቸውን የሳመ ሰው አልነበረም። ግራ ገብቷቸው በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግረው ማንደፍሮን ፈለጉት።

"ማንደፍሮ፣ ምንድን ነው የሚባለው?"

ማንደፍሮ ከዱካው ተነሣ። እግሩ ደንዝዞ ነበር፤ እየተንገዳገደ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

"ውለጂ፣ ክበጂ ይበሏት እትዬ።"

እሳቸውም እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው፣ ቃል በቃል፣ እንደ ተማሪ፣ ውለጂ፣ ክበጂ አሏት።